የማታው ምልምል

በካሊፎርኒያ ፖሊስ መሆን የሚፈልግ ሰው ሁለት መንገድ አለው። የመጀመሪያው የታወቀው ነው፤ መሥሪያ ቤቱ አጣርቶ ይቀጥረዋል፣ ደመወዝ እየከፈለም ያሠለጥነዋል። ሁለተኛውን የሚያውቀው ጥቂት ነው። ማንም ሳይቀጥረው፣ ቀን እንጀራውን እየሠራ፣ ማታና ቅዳሜ እሑድ በራሱ ገንዘብ ይሠለጥንና የምስክር ወረቀቱን ይዞ ሥራ ፍለጋ ይወጣል። የወሩ የቤት ኪራይ እንቅልፍ ለሚነሳው ስደተኛ ቤተሰብ ብቸኛው በር ይህ ሁለተኛው ሊሆን ይችላል። መልካም በር ነው ብዬ አምናለሁ። ዋጋው ግን ሊከፍለው በማይገባው ሰው ጫንቃ ላይ ወድቋል።

ጉዳዩን በሁለት ሰዎች ምልልስ አቅርቤዋለሁ። አንደኛው ሰንዳፋ በፖሊስ ማሠልጠኛ ሠልጥኖ አገር ቤት በፖሊስነት ያገለገለ፣ ዛሬ ሎስ አንጀለስ በጡረታ የሚኖር አጎት ነው። ሁለተኛዋ በአረጋውያን መጦሪያ ረዳት ነርስ ሆና የምትሠራ የእህቱ ልጅ ናት። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አጎት፦ እናትሽ ደውላ ነበር። «ልጅቷ ፖሊስ ልሆን ነው ትላለች፣ እስቲ አንድ ነገር በላት» አለችኝ። እኔ ፖሊስነትን አልጠላም፤ እንጀራዬ ነበር። የከነከነኝ በማታ ነው የምትማረው ያለችኝ ነገር ነው። ይህ ሥራ እንደ ሒሳብ አያያዝ በኤክስቴንሽን ይማሩታል?

ልጅ፦ ይማሩታል፣ ጋሼ። እዚህ ሕጉ የሚቆጥረው ሰዓቱን ነው። በካሊፎርኒያ የፖሊስን ደረጃና ሥልጠና የሚወስን ኮሚሽን አለ፣ ከ1959 ጀምሮ የቆመ፤ በሥራው ያሉት በአጭሩ «ፖስት» ይሉታል። መደበኛው መሠረታዊ ሥልጠና ቢያንስ 664 ሰዓት እንዲሆን ደንግጓል፤ ብዙ ማሠልጠኛዎች ከዚያ ይበልጣሉ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሙሉ ቀን የዋለበት ሰው በስድስት ወር ገደማ ይጨርሰዋል። እኔ ማታና ቅዳሜ እሑድ ስለምማር ዓመት አካባቢ ይፈጅብኛል። የምንማረው አንድ ነው፣ የምንፈተነውም አንድ ነው።

አጎት፦ ዝቅተኛው 664 ሰዓት ብቻ?

ልጅ፦ ብቻ። በዚሁ ግዛት የፀጉርና የውበት ሥራ (ኮስሞቶሎጂ) ፈቃድ ለማውጣት 1,000 ሰዓት ትምህርት ይጠየቃል። ሕጉ በ2022 ሳይቀየር በፊት እንዲያውም 1,600 ነበር።

አጎት፦ እንግዲያው ክርክሬን አንቺው ጀመርሽልኝ። ሥልጠናው ከመነሻውም አጭር ነው። ደግሞ አጭሩን ነገር በሦስት ማታና በአንድ ቅዳሜ ሸንሽናችሁ ትወስዱታላችሁ። ምን ይቀራል?

ልጅ፦ ማጠሩና መሸንሸኑ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በማጠሩ ከእርስዎ ጋር ነኝ። በጀርመን ፖሊስ ለመሆን ሁለት ዓመት ተኩልና ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ በኖርዌይ የሦስት ዓመት የዲግሪ ትምህርት ነው። አሜሪካ እዚያ መድረስ አለባት እላለሁ። ግን ሥልጠናው በረዘመ ቁጥር ሥራውን ጥሎ መቀመጥ የሚችለው ሰው እያነሰ ነው የሚሄደው። ደመወዝ የሚከፍል መሥሪያ ቤት ካልተገኘ ሦስት ዓመት ቁጭ ብሎ የሚማረው የማን ልጅ ነው? ስለዚህ ይርዘም የሚል ሰው፣ ለሠራተኛ የሚመች ሰዓትም አብሮ ማሰብ ግዴታው ነው።

አጎት፦ እሺ፣ ሰዓቱን እንተወው። እኔ የምልሽ ሌላ ነው። ሰንዳፋ ስንገባ ከየቤቱ የመጣ ጎረምሳ ነበርን። አንዱ የሀብታም ልጅ፣ አንዱ ገበሬ፣ አንዱ በየጠጅ ቤቱ ሲጣላ ያደገ። ጎህ ሳይቀድ ተነስተን እንሮጣለን፣ አልጋ እናነጥፋለን፣ ጫማ እንወለውላለን፣ ሰልፍ እንወጣለን፣ ከዚያ ነው ክፍል የምንገባው። ትምህርቱን አሁን ጠይቂኝ፣ ግማሹን ረስቼዋለሁ። አብሮኝ የተኛውን፣ አብሮኝ የተራበውን ሰው ግን አልረሳሁትም። ሌሊት በጨለማ ግቢ ስገባ ከኋላዬ ያለው ማን እንደሆነ፣ ሲፈራ ምን እንደሚያደርግ አውቅ ነበር። እናንተ ሦስት ሰዓት ተምራችሁ በየመኪናችሁ ትበተናላችሁ። ይህን የት ታገኙታላችሁ?

ልጅ፦ እንደ እርስዎ አናገኘውም። ግን ሰውን በጩኸትና በሰልፍ መቅረጽ የተሻለ ፖሊስ ያወጣል የሚለው እዚሁ ሎስ አንጀለስ ተፈትኗል። ሃዋርድ አርል የሚባል የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ሸሪፍ መሥሪያ ቤት ከፍተኛ ሹም በ1973 ያወጣው ጥናት አለ። ከፊሎቹ ምልምሎች በወታደር ቤት ሥርዓት፣ እየተጮኸባቸውና እየተቀጡ ሠለጠኑ፤ ከፊሎቹ እንደ ኮሌጅ ተማሪ በረጋ መንፈስ ሠለጠኑ። ከዚያ ሥራ ላይ ሲታዩ የተሻለ ሆነው የተገኙት በረጋ መንፈስ የተማሩት ናቸው። በሥራቸውም ደስተኞች ነበሩ፣ ያገለገሉት ሕዝብም ይበልጥ ወደዳቸው።

አጎት፦ ያ ጥናት ስለ ጩኸት ነው። እኔ የማወራው አብሮ ስለ መኖር ነው። አንድ አይደሉም፣ ልጄ። ሳይጮሁበትም ሰው አብሮ ይኖራል።

ልጅ፦ እውነትዎን ነው፣ ይለያያሉ። አብሮ በመኖሩ ላይ ደግሞ ሌላ ፍርሃት አለኝ። በ2020 ሚኒያፖሊስ ላይ ጆርጅ ፍሎይድ የሚባል ሰው በፖሊስ እጅ ሲገደል፣ ከገዳዩ ፖሊስ ከዴሪክ ሾቪን ጋር ሰውየውን ከያዙት ፖሊሶች ሁለቱ ራሳቸውን ችለው መሥራት ከጀመሩ ገና ጥቂት ቀናቸው ነበር። ሾቪን የአንደኛው የመስክ አሠልጣኝ የነበረ ሰው ነው። ሌላኛው፣ ቶማስ ሌን፣ ሰውየውን በጎኑ እናስተኛው ወይ ብሎ ሁለት ጊዜ ጠይቋል። ሾቪን እምቢ አለ። ከዚያ በኋላ እጁን ይዞ የጎተተው የለም። ሁለቱም በ2022 በፌዴራል ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባሉ። እኔ ይህን ሳስብ የሚታየኝ የሌን ጥያቄ ነው። ትክክሉን ያውቅ ነበር። የጎደለው እውቀት አይደለም፤ በዕድሜና በአገልግሎት የሚበልጠውን ሰው «ተው» ብሎ የሚይዝበት አቅም ነው። እርስዎ የነገሩኝ ካምፕ ያንን አቅም ይሰጣል ወይስ ይወስዳል?

አጎት፦ (ቆይቶ) ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። አንድ ጓደኛ ነበረኝ፣ ጎንደሬ። የታዘዘው ነገር ልክ እንዳልሆነ ገብቶታል፤ ለኔም ነግሮኛል። ግን የት ይሂድ? የሚበላው የካምፑን ቀለብ ነው። የሚተኛው በካምፑ አልጋ ነው። የለበሰው የመንግሥት ነው። ሚስቱ የምትኖረው በፖሊስ ሰፈር ቤት ነው። እምቢ ቢል ያን ዕለት ማታ የሚገባበት ቤት የለውም። ደግሞ ከሁሉ የባሰው፣ የበላበትን ወጪት ሰባሪ መባሉን ፈራ። ያበላው እጅ የሚያዘውን እምቢ ማለት ለእሱ ነውር ነበር።

ልጅ፦ ለዚህ ነው የማታው የሚሻለኝ። ስማር ማንም አያበላኝም። የረዳት ነርስነት ፈቃዴ በእጄ ነው፣ ሥራዬም ይቆየኛል። በመካከሉ ይህ ለኔ አይሆንም ካልሁ ማንንም ሳላስቀይም እወጣለሁ። ተቀጥሬም አንድ ቀን አለቃዬ አጥፊ ቢለኝ፣ ካልታዘዝሁት የምገባበት ቤት አለኝ። ካሊፎርኒያ በ2021 ያወጣችው ሕግ አንድ ፖሊስ ባልደረባው ከልክ ያለፈ ኃይል ሲጠቀም ካየ ጣልቃ መግባት ግዴታው ነው ይላል። ሕጉን ያወጡት ጎበዞች ናቸው። ግን ጣልቃ የሚገባው ሰው ኑሮው በሙሉ በአለቃው እጅ ከሆነ ሕጉ ብቻውን አያድነውም።

አጎት፦ በዚህ አልከራከርሽም። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ብዙ አገር ፖሊስ ገና ከልጅነቱ ነው የሚወሰደው፤ ሌላ ሕይወት ሳያይ። አንቺ ኪራይ ከፍለሻል፣ ታመሽ ኢንሹራንስ አጥተሻል፣ ከአለቃ ተጣልተሻል። ካሊፎርኒያ በስንት ዓመት ነው የምትቀጥረው?

ልጅ፦ በፊት 18 ነበር። በ2021 በወጣው ሕግ 21 ሆነ።

አጎት፦ ጥሩ አድርገዋል። አሁን ወደሚያስፈራኝ ልመለስ። ሌሊቱን ሙሉ በመጦሪያው ቆመሽ አድረሽ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሽጉጥ ልትተኩሺ ትሄጃለሽ። እንቅልፍ ያጣ ሰው መሣሪያ ሲይዝ አይቻለሁ። እኔ ራሴ እዚህ አገር መጥቼ ሌሊት ፓርኪንግ እየሠራሁ እንግሊዝኛ ለመማር ሞክሬ፣ መምህሩ ሲናገር አፉ ብቻ ሲንቀሳቀስ ይታየኝ ነበር።

ልጅ፦ በዚህ ልክ ነዎት፣ ላስተባብለውም አልችልም። የማታው ሥልጠና ትልቁ ድክመት ይህ ነው። ፈረቃዬን ወደ ቀን አስቀይሬያለሁ፤ ሁሉም ሰው ግን አስቀያሪ አያገኝም። ሁለተኛው ድክመት የተኩሱና የትግሉ ነገር ነው። የእጅ ሥራ በየቀኑ ካልተሠራ ይረሳል፤ በሳምንት አንዴ ብቻ የሚነካው ሰው በየጊዜው ወደ ኋላ ይመለሳል። ማሠልጠኛው ለዚህ ተጨማሪ ሰዓት መስጠት አለበት፣ ሠልጣኙም ቤቱ ሆኖ በባዶ መሣሪያ መለማመድ አለበት።

አጎት፦ አካል ብቃቱስ?

ልጅ፦ ያው ለሁሉም እኩል ነው። 165 ፓውንድ የሚመዝን አሻንጉሊት መሬት ለመሬት መጎተት፣ ያ ወደ 75 ኪሎ ነው። ስድስት ጫማ ከፍታ ያለው የሽቦ አጥርና ድፍን አጥር መዝለል፣ 500 ያርድ መሮጥ፣ መሰናክል ማለፍ። መጦሪያው ውስጥ ከወደቀ ሰው ጋር ስታገል የኖርሁ ስለሆነ አሻንጉሊቱ አያስፈራኝም። አጥሩ ነው የሚያሳስበኝ።

አጎት፦ ስለ መጦሪያው አውሪልኝ እስቲ። እናትሽ ስታወራ «ሽማግሌ ማጠብ» ትለዋለች።

ልጅ፦ መታጠቡማ አለ። ግን ማታ ማታ አእምሯቸው የሚሳከርባቸው ሰዎች አሉ። አንዲት ሴት ሹካ ይዘው በር ላይ ይቆማሉ። ልጄን ደብቃችሁብኛል፣ አምጡ ይላሉ። ልጃቸው የሞተው ከብዙ ዘመን በፊት ነው። አዲስ የሚቀጠሩት ሮጠው እጃቸውን ይይዛሉ፤ ያኔ ሹካው ይሰነዘራል። እኔ ራቅ ብዬ እቆማለሁ። ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። ሌሎቹን ሰዎች ከኮሪደሩ አስወጣለሁ። ልጅዎ ስሙ ማን ነው፣ ምን ይወዳል እላለሁ። አንዳንዴ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። መጨረሻ ላይ ሹካውን ራሳቸው ይሰጡኛል። በማሠልጠኛው ይህን «ማርገብ» ብለው ያስተምሩታል፤ ጊዜና ርቀት ማግኘት። በ2015 የፖሊስ ሥራ አስፈጻሚዎች የምርምር ፎረም የሚባለው ድርጅት በየመሥሪያ ቤቱ ጠይቆ ያገኘው፣ ምልምሎች በተለምዶ 58 ሰዓት ተኩስ፣ 49 ሰዓት ራስን መከላከል ሲማሩ፣ ስለ ማርገብ የሚማሩት 8 ሰዓት ብቻ ነው። እኔ ያንን በየሌሊቱ ስሠራው ኖሬያለሁ። የማታ ተማሪ መሆን ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ማክሰኞ ማታ ክፍል የሰማሁትን ረቡዕ ሥራ ላይ እሞክረዋለሁ፤ ሐሙስ ደግሞ ጥያቄ ይዤ እመለሳለሁ። ሾፌሩም፣ አስተማሪውም፣ የሱቅ ጥበቃውም እንዲሁ። ካምፕ የገባ ሰው የሚሞክርበት ሌላ ሰው የለውም፤ እርስ በርሱ ነው የሚለማመደው።

አጎት፦ ይህን ያልሽውን ነገር እኛ ዘንድ የሚያውቁት ሰፈር ለሰፈር ያረጁ አሥር አለቆች ነበሩ። ሰካራምን በስሙ ጠርተው፣ ስለ እናቱ ጠይቀው ቤቱ የሚያስገቡ። ማንም አላስተማራቸውም፣ ማንም አልሾማቸውም። ይህን ይዘሽ ከገባሽ ገና ሳትጀምሪ ግማሹ ሥራ ተሠርቷል።

ልጅ፦ አሁን ያስደነቁኝ እርስዎ ነዎት።

አጎት፦ ግን አንድ የሰማሁት ነገር አለ። ማሳቹሴትስ የሚኖር የድሮ ባልደረባዬ፣ በትርፍ ሰዓት የሠለጠኑ ፖሊሶችን አገዱ ብሎኛል።

ልጅ፦ አላገዱም፤ ግን የእርስዎን ስጋት የሚመስል ነገር ነው ያደረጉት። እዚያ ተጠባባቂና የትርፍ ሰዓት ፖሊሶች ከመደበኛው ያነሰ ሥልጠና ወስደው ተመሳሳይ ሥልጣን ይዘው ይሠሩ ነበር። በ2020 የመጨረሻ ቀን የወቅቱ ገዥ ቻርሊ ቤከር የፈረሙት ሕግ ይህ ይብቃ አለ፤ ሁሉም እኩል ይሠልጥን። በሥራ ላይ የነበሩት 200 ሰዓት የማሟያ ሥልጠና እንዲወስዱና 2,400 ሰዓት የሥራ ልምድ እንዲያሳዩ ተደረገ። ሕጉ ትክክል ነው። ግማሽ ሥልጠና ወስዶ ሙሉ ሽጉጥ መታጠቅ ለሕዝቡም፣ ለፖሊሱም አደጋ ነው። እኔ የምፈልገው ሙሉውን ሥልጠና በማታ ሰዓት መውሰድ ነው። ካሊፎርኒያም ይህን ለይታ አስቀምጣለች። ሥልጠናውን በሦስት ክፍል ከፋፍሎ መውሰድ ይቻላል፤ ግን የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ የጨረሰ ተጠባባቂ መደበኛ የፖሊስ ሥራ አይሰጠውም። ሁለተኛውን የጨረሰ ከፖሊስ ጎን ሆኖ በቅርብ ቁጥጥር ይሠራል። ብቻውን መንገድ የሚወጣው ሦስቱንም የጨረሰው ነው። ከዚያም በኋላ ሲቀጠር ቢያንስ 10 ሳምንት ከመስክ አሠልጣኝ ጋር በመኪና ይሄዳል።

አጎት፦ ያ የመስክ አሠልጣኝ ጥሩ ሰው ይሁንልሽ እንጂ።

ልጅ፦ አሜን።

አጎት፦ አሁን ገንዘቡን ንገሪኝ። እናትሽ ያለቀሰችው ለእሱ መሰለኝ።

ልጅ፦ ሥልጠናውን የሚሰጡት ብዙ ጊዜ የሕዝብ ኮሌጆች ናቸው፤ ለግዛቱ ነዋሪ በአንድ ክሬዲት 46 ዶላር ነው። እሱ አይከብድም። የሚከብደው ሌላው ነው፤ የደንብ ልብሱ፣ ቦት ጫማው፣ ቀበቶው፣ ጥይቱ፣ የሕክምና ምርመራው። ተደምሮ ሺህ ቤት ይገባል። ከዚያም በላይ ትርፍ ሰዓት እየሠራሁ ለአገር ቤት እልከው የነበረው ገንዘብ ይቀራል። የሎስ አንጀለስ ከተማ ፖሊስ የቀጠረው ምልምል ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደመወዝ ይከፈለዋል።

አጎት፦ ስለዚህ እኩል ሥልጠና፣ እኩል ፈተና፤ አንዱ እየተከፈለው አንዷ እየከፈለች። ለምን ከተማው አትቀጠሪም ታዲያ?

ልጅ፦ እሞክር ነበር፤ ግን ተቀጥሬ ለመሠልጠን ሥራዬን መልቀቅ አለብኝ። በስድስት ወሩ መካከል አጥሩን መዝለል አቅቶኝ ብወድቅ፣ የመጦሪያውም ሥራዬ የለም፣ የፖሊሱም የለም። በማታው ብወድቅ ሰኞ ጠዋት ሥራዬ ላይ ነኝ። ደግሞ ትንንሽ ከተሞች ምልምል ለማሠልጠን ገንዘብ የላቸውም፤ ተምሮ የመጣውን ይወዳሉ። ከወጪ ያድናቸዋል፣ ቶሎም ሥራ ላይ ያውሉታል።

እዚህ ላይ እኔ ጸሐፊው ልግባ። ትንሹ ከተማ የዳነበት ወጪ የትም አልጠፋም፤ ከረዳት ነርሷ ኪስ ወጥቶ ነው የተከፈለው። ፖሊስ የሕዝብ አገልጋይ ነው፤ ሥልጠናው የሕዝብ ደኅንነት ነው። ይህን ወጪ ገና ለመቀጠሯ ዋስትና በሌላት ሠራተኛ ላይ መጫን፣ በሩን ለድሃ ከፍቶ መልሶ ቁልፉን በገንዘብ መሸጥ ነው። የማታ ሥልጠናን የምደግፈውም፣ የምቆጣበትም በአንድ ትንፋሽ ነው።

አጎት፦ ጨርሰሽ ወረቀቱን ብታገኚና ማንም ባይቀጥርሽስ?

ልጅ፦ ይህ የሚያስፈራኝ ክፍል ነው። ወረቀቱ ዘላለማዊ አይደለም፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ሥራ ካልያዝሁበት እንደገና ማደሻ ሥልጠና እጠየቃለሁ። ደግሞ እውነተኛው ማጣሪያ የሚመጣው ከሥልጠናው በኋላ ነው። የቀድሞ አሠሪዎቼን፣ ጎረቤቶቼን፣ የባንክ ብድሬን፣ የነዳሁትን መኪና ቅጣት ሁሉ ያያሉ። የሥነ ልቦና ምርመራም አለ። በዚያ የሚወድቅ ሰው ዓመት ሙሉ የደከመበት ከንቱ ቀረ። ለዚህ ነው ማሠልጠኛው ምን ሊጥለን እንደሚችል ቀድሞ ሊነግረን የሚገባው። ቀድሞ የሚደረግ የምናውቀው ማጣሪያ አንድ ነው፤ መሥሪያ ቤት ያልላከው ሰው መሣሪያ ወዳለበት ሥልጠና ከመግባቱ በፊት መሣሪያ ለመያዝ የሚከለክለው ወንጀል እንደሌለበት የግዛቱ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ያረጋግጣል።

አጎት፦ ይህ ለሕዝቡ ይጠቅማል፤ አንቺን ግን አይመራሽም። እንግዲያው ሙሉውን ገንዘብ ሳታፈሺ በፊት በትንሹ ራስሽን የምትለኪበት ነገር የለም?

ልጅ፦ አለ። 64 ሰዓት የሚፈጅ አጭር ኮርስ አለ፤ 40 ሰዓቱ ስለ ማሰር፣ 24ቱ ስለ መሣሪያ። እሱን ነው መጀመሪያ የተመዘገብሁት። ካልሆነልኝ ያኔ አቆማለሁ።

አጎት፦ ዜግነቱስ? አንቺ ገና አልማልሽም።

ልጅ፦ ድሮ ዜጋ መሆን ወይም ለዜግነት ያመለከተ ቋሚ ነዋሪ መሆን ያስፈልግ ነበር። በ2022 የወጣው ሕግ፣ ከጥር 2023 ጀምሮ፣ በፌዴራል ሕግ ለመሥራት የተፈቀደለት ሰው ይበቃል አለ። በዲቪ የመጣ ሁሉ ግሪን ካርዱን እንደያዘ ማመልከት ይችላል። አንዳንድ መሥሪያ ቤት ከዚያ በላይ ሊጠይቅ ይችላል፤ የግዛቱ በር ግን ተከፍቷል። የሚያስቸግረን ወረቀቱ አይደለም፤ ሪፖርት መጻፉ ነው። ለመግባት የንባብና የጽሑፍ ፈተና አለ። ከዚያ በኋላ የሚጻፈው እያንዳንዱ ሪፖርት ፍርድ ቤት ይቀርባል፣ ጠበቃ ቃል በቃል ይበጣጥሰዋል። በአማርኛ የሚያስብ ሰው በእንግሊዝኛ «መታው»ን ከ«ገፋው» ለይቶ በጥንቃቄ መጻፍ አለበት። ለኛ ልጆች ከአጥሩ ይልቅ ይህ ነው ትልቁ ግንብ።

አጎት፦ አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አንቺ በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያን የምትታዪ ልጅ ነሽ። በሐበሻው ሰፈር ፌርፋክስ ላይ ቡና የሚጠጣው ሁሉ ያውቅሻል። ነገ ደንብ ልብስ ለብሰሽ አንዱ ባል ሚስቱን መታ ተብሎ ትጠሪያለሽ። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ነበር የሚገባበት። አንቺ ምን ታደርጊያለሽ?

ልጅ፦ ሕጉ የሚለውን አደርጋለሁ። በቤት ውስጥ ጥቃት ጥሪ ላይ ሪፖርት መጻፍ በሕግ ግዴታ ነው፤ «ታርቀዋል» ብሎ መመለስ የለም። ግን እስቲ አሁን ያለውን ያስቡ። ሚስትየው እንግሊዝኛ አትችልም። ባልየው ይችላል። ፖሊሱ የሚሰማው ማንን ነው? ወይም የስምንት ዓመት ልጃቸውን አምጥተው አስተርጉም ይሉታል። ልጁ «አባባ እማማን መታት» ብሎ ለማያውቀው ሰው በእንግሊዝኛ እንዲናገር ይደረጋል። ይህ ልጅ ከዚያ በኋላ እንዴት ይተኛል? እኔ እዚያ ብሆን ሴትየዋን ለብቻዋ፣ በገዛ ቋንቋዋ አናግራታለሁ።

አጎት፦ ሰዉ ግን ይሸሽሻል። «ፖሊስ መጣች» ተብሎ ማኅበሩ ላይ ወሬ ይቋረጣል።

ልጅ፦ ይሸሸኝ ይሆናል። ለዚህ ነው ሳልቀጠር በፊት ያለው ዓመት የሚያስፈልገኝ። አሁን የማታ ተማሪ መሆኔን ሁሉም ያውቃል። «ፖሊስ መኪናዬን ካስቆመኝ ልውረድ ወይስ ልቀመጥ?» ይሉኛል። «ቤቴ ልግባ ቢለኝ ያለ ፍርድ ቤት ወረቀት መከልከል እችላለሁ?» ይሉኛል። የተማርሁትን እነግራቸዋለሁ፣ ያላወቅሁትን አሠልጣኜን ጠይቄ እመለሳለሁ። ሽጉጥም ባጅም ሳይኖረኝ ነው የሚያወሩኝ። ነገ ደንብ ልብሱን ስለብስ ያቺው ሰው መሆኔን ያስታውሳሉ።

አጎት፦ እሱን እንኳ እኛ አላገኘነውም። ከሰፈር ወጣን፣ በካኪ ተመለስን። እናቴ እንኳ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ነው የተቀበለችኝ። ... በይ እንግዲህ፣ ለእናትሽ ምን እንደምላት አውቄያለሁ። የገንዘቡ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። ማንን ነው የምንጠይቀው?

ልጅ፦ የኮሌጆቹን ቦርድ የሚመርጠው የየአካባቢው ሕዝብ ነው። ስብሰባው ክፍት ነው፤ ዜጋ ያልሆነም ሰው ተነሥቶ ይናገራል። ለእያንዳንዱ ሰው ጥቂት ደቂቃ ይሰጣሉ።

አጎት፦ ማኅበራችን ውስጥ ያለው ሰው ብዙ ነው፣ ወንበሩን እንሞላዋለን። ግን የሚሉንን አውቃለሁ። ከከፈልንላችሁ ሁለት ሦስት ዓመት ልታገለግሉን ውል ግቡ ይሉናል።

ልጅ፦ መጥፎ ነው? ብዙ መሥሪያ ቤት እንዲያ ያደርጋል።

አጎት፦ እኔ አልወደውም። ያ ውል ያው የካምፑ ቀለብ ነው። ጎንደሬው ጓደኛዬን ያሰረው ውል በወረቀት አልነበረም እንጂ ከዚህ አይለይም። ገና ከመጀመሪያው ባለ ዕዳ ሆነሽ ከገባሽ፣ አለቃሽን «ተው» የምትይበት ያ ቤት ያልሽው የት አለ?

ልጅ፦ እንግዲያው ያለ ውል ይስጡ። የሠለጠነው ሁሉ ባይቀጠርም፣ ቢያንስ ሕጉን የሚያውቅ፣ ሰው ሲወድቅ መርዳት የሚችል ጎረቤት ያተርፋሉ። በሒሳብም ቢሆን አይከስሩም።

አጎት፦ ስትናገሪ እሱን አስቀድሚ። ቀጥለሽ የ64 ሰዓቱን ኮርስ በነፃ ይስጡ በዪ፤ ሙሉውን ቢከለክሉን እንኳ እሱን ለመከልከል ይከብዳቸዋል። የደንብ ልብሱንና የጥይቱን ወጪ እኔ ከሌሎቹ ጡረተኞች ጋር ዘርዝሬ በወረቀት አመጣለሁ፤ በየዕቃው ዋጋው ይጻፍበት።